ለወንድሜ፣ ስለ ሞተሩና ስለ ዴሊቨሪው ሥራ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥር 2018 ዓ.ም.

ወንድምዬ፣

እንደምን ከርማችኋል? እኔ ደኅና ነኝ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ሰላምታውን ላሳጥርና ወደ ጉዳዩ ልግባ። ገንዘቡ ባንክ ገብቷል። ግማሹ ለእታለም ሰርግ ነው፣ ግማሹ ለሞተሩ። ሁለቱን እንዳትቀላቅል፤ ሞተር ገዝተህ የተረፈውን ለሰርግ እንዳትል አደራ።

ዝም አለን ብላችሁ ተቀይማችኋል አሉ። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ፈረንጆች ገና ድረስ እዚህ አገሩ በሙሉ ስጦታ ይገዛል፤ የተገዛውን የሚያደርሰው ደግሞ የእኔ ብጤ ነው። በዚያ ሰሞን የዴሊቨሪ ሠራተኛ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል፤ እኔ ስገባ እናንተ ዘንድ ሊነጋ ነው፣ እማዬን ከእንቅልፏ ቀስቅሼ ምን ልበላት? ከዚህ ሌላ የተደበቀ ነገር የለም። በደንብ እበላለሁ፣ ቤቱም ይሞቃል። ብርዱን በቴሌቪዥን እያያችሁ አትጨነቁ።

ለእማዬ «ልጅሽ ፖሊስነቱን ትቶ የሰው ካርቶን ይሸከማል» ብሎ የነገራት ሰው አለ አልከኝ። አልዋሸም፣ እሸከማለሁ። ግን አንድ ነገር አንብብላት፤ የእኔ ማዕረግ ከቦሌ ወዲህ አይሠራም። እዚህ አብዛኛው የፖሊስ መሥሪያ ቤት አሜሪካዊ ዜግነት ይጠይቃል፤ ዜግነቱ ቢገኝ እንኳ አካዳሚ ገብቶ ከሀ ጀምሮ ለወራት መሠልጠን ነው። ዴሊቨሪ ግን ትልልቆቹ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት 21 ዓመት መሙላትን፣ ያልቆሸሸ የመንጃ ፈቃድ መዝገብን፣ ከወንጀል ነፃ መሆንንና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራን ነው። ይህን ሁሉ አልፎ የሰው ንብረት የሚረከብ ሰው ምኑ ያሳፍራል? ወሬውን ያመጣው ሰውዬ ራሱ እዚህ ምን እንደሚሠራ እኔ አልጻፍኩም።

አንተም ከፖሊስነት የመልቀቂያ ማመልከቻህን አስገብተህ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ዕቃ ላመላልስ ማለትህን ሰምቻለሁ። አልከለክልህም፤ እኔ ምን አፍ አለኝ። ግን የሥራውን ውስጥ እወቀው። ሰው የሚያየው በር ላይ የተቀመጠውን ዕቃ ብቻ ነው።

ሥራው የሚበላሸውም የሚቃናውም ጠዋት ጭነት ላይ ነው። መጀመሪያ ቫኑን ትዞረዋለህ፤ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ከሥሩ የሚንጠባጠብ ዘይት፣ ጎማ። የጎማው ጥርስ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መኪናው አይወጣም። ስፖኪዮው ተሰንጥቆ ሳታይ ከፈረምክ ስንጥቁ የአንተ ነው፤ የጥበቃ ፈረቃ ስትረከብ መሣሪያና ጥይት ሳትቆጥር እንደመፈረም ማለት ነው፣ ይህን ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከዚያ ዕቃው በተራ ይጫናል። መጨረሻ የሚደርሰው መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገባል፣ መጀመሪያ የሚወርደው በሩ አጠገብ ይቀራል። ትንንሹ በከረጢት፣ ትልልቁ ካርቶን በግድግዳው ጥግ፤ የአድራሻው ወረቀት ሁልጊዜ ወደ አንተ ፊት። በካርቶኑ ሦስት ገጽ ላይ የተራ ቁጥሩን በወፍራም ማርከር ትጽፋለህ፣ ቢገለበጥም እንዲታይ። ቸኩለህ ጭነት ላይ የቆጠብከውን አምስት ደቂቃ እያንዳንዱ ደጃፍ አንድ አንድ ደቂቃ እያደረገ ያስከፍልሃል፤ በአንድ ቀን ከ150 እስከ 190 ደጃፍ በሚዳረስበት መስመር ላይ ሒሳቡን አንተው ሥራው።

ክብደቱን ጠይቀህ ነበር። እንደ ድርጅቱ ነው፤ አንዳንዱ ከ23 ኪሎ በላይ በአንድ ካርቶን አይቀበልም፣ ዩፒኤስን የመሰሉት ትልልቅ ዕቃ አድራሽ ድርጅቶች እስከ 68 ኪሎ ይወስዳሉ። ወገብ የሚጎዳው ግን ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ ተሸክሞ መጠምዘዙ ነው። ጉልበትህን ሰብረህ አንሳ፣ ዕቃውን ከሆድህ አታርቀው፣ መዞር ስትፈልግ ወገብህን ሳይሆን እግርህን አዙር። ከመኪና ስትወርድ አትዝለል፤ ሁለት እጅና አንድ እግር ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ ሁሌ የሆነ ነገር እንደያዙ ይሁን። ይህን ንቆ ጉልበቱን የጨረሰ ብዙ ነው።

ነጂነቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ወደኋላ ማርሽ አስገብተህ የሰው ግቢ አትግባ፤ አጥር፣ የፖስታ ሳጥን፣ የሕፃን ብስክሌት የሚገጨው እዚያ ነው። ውጭ አቁመህ በእግርህ ግባ። ሁለተኛ፣ ዩፒኤስ መንገድ ሲያወጣ በተቻለ መጠን ወደ ግራ መታጠፍን ያስቀራል፤ ከፊት የሚመጣውን መኪና ቆመህ ስትጠብቅ ነዳጅም ጊዜም ይቃጠላል፣ ግጭትም ይበዛል። እኛም የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ ይህ ለፒያሳም ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ፖሊስ የነበረ ሰው ዴሊቨሪ ላይ የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ያው ልምዱ ነው። ዓይንህ ይጠቅምሃል፤ የቤቱን ቁጥር፣ የተከፈተውን መስኮት፣ ውሻ መኖሩን ከሩቅ ታያለህ። ሪፖርት መጻፍህ ይጠቅምሃል፤ ዕቃ ጠፋ ሲባል ሰዓቱንና ቦታውን ጽፎ ያልያዘ ሰው መልስ የለውም፣ ለዚህ ነው እዚህ እያንዳንዱ ዕቃ ተቀምጦ ፎቶ የሚነሳው፤ የቤቱ በር ይታያል፣ ሰው ግን አይነሳም። የሚጎዳህ ደግሞ እጅህና ድምፅህ ነው። የፖሊስ አንኳኳት አለ፣ ታውቀዋለህ፤ በቡጢ፣ በሩ እስኪነቃነቅ። እሱን እዚያው ጣቢያ ጥለኸው ውጣ። ደወሉን አንዴ ተጫን፣ ሁለት እርምጃ ወደኋላ በል፣ ፊትህ እንዲታይ ቁም። «ማን ነህ? ምንህ ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀረ፤ አሁን የምትጠየቀው አንተ ነህ። ደንበኛው ሲቆጣ አትመልስ፣ ጻፍና ሂድ። ሰው ሲሰድበኝ ዝም ማለት ቀላል አይደለም ትል ይሆናል፤ አይደለም። ግን ዩኒፎርሙን ያወለቀ ሰው ክርክሩንም ማውለቅ አለበት።

ውሻ ያለበት ግቢ ስትደርስ ሳትገባ ድምፅ አሰማ፣ በሩን አንቀጫቅጨው። ከመጣብህ አትሩጥ፣ ጀርባህንም አትስጥ፤ ካርቶኑን በአንተና በውሻው መካከል ያዝና ዓይንህን ሳትነቅል ወደኋላ ሂድ። ሲመሽ የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ልበስ። ጨለማ ውስጥ የሰው ደጅ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው እዚህም እዚያም ሌባ ነው የሚመስለው።

አንድ የሚገርምህ ነገር፣ ሕግ ስለምትወድ ልንገርህ። እዚህ ደጅ ላይ በተተከለው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከመንግሥት ፖስታ ቤት በቀር ማንም ምንም እንዳያስገባ በሕግ ተከልክሏል። ዕቃው ትንሽ ነው ብሎ እዚያ የከተተ አዲስ ሠራተኛ ወዲያው ይገሠጻል።

ስለ አንተ ጉዳይ። ማመልከቻ ያስገባህ ዕለት የተሰናበትክ እንዳይመስልህ። የስንብት ደብዳቤህን በእጅህ እስክትይዝ ድረስ አባል ነህ፤ ተነሥተህ ብትቀር ኋላ ክስ ነው። መሣሪያውን፣ ደንብ ልብሱን፣ መታወቂያውን፣ ካቴናውን ሁሉ በሞዴል 19፣ በንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ገቢ አድርግ፤ ደረሰኙን ፎቶ አንሣና ዋናውን እማዬ ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ። ክሊራንስ ሲያስፈርሙህ አንዱ ክፍል «ነገ ና» ቢልህ ነገ ሂድ፣ ዘለህ አትለፍ። በየወሩ ከደመወዝህ 7 በመቶ ለጡረታ ሲቆረጥ ነበር፤ የአገልግሎት ዘመንህን የሚገልጽ ማስረጃ ሳትይዝ አትውጣ። ዛሬ ባያስፈልግህ ነገ ሌላ ቦታ ስትቀጠር ትፈልገዋለህ።

ሞተሩን ስትገዛ ሊብሬው በሻጩ ስም እንዳለ «በኋላ እናዞራለን» ቢልህ ጥለህ ሂድ። የሞተሩንና የቻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ራስህ አመሳክር፤ የተሰረቀ ሞተር ስትይዝ የኖርክ ሰው የተሰረቀ ገዝተህ ብትገኝ ደሴ ስቃ አታባራም። ቦሎው የታደሰ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈበት ይሁን፤ መንጃ ፈቃድህም የሞተር ሳይክል ይሁን፣ የመኪናው አይበቃም። ንግድ ፈቃድና ቲን ሳታወጣ የሰው ዕቃ አትቀበል።

ሐረጎን አደራ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በፍሬን ብቻ አትውረድ፤ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቆማል። ማርሹን ዝቅ አድርገህ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ፣ ፍሬኑን እየነካህ ልቀቅ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ሞተር አጥፍቶ መውረድ የሚባለውን ሞኝነት እንዳልሰማ። ስትወጣ ደግሞ ከባዱ ዕቃ ከኋላ ጎማ ወደኋላ አልፎ ከታሠረ የፊቱ ይቀልና መሪው አይታዘዝም፤ ከባዱን ወደ አንተ ወገብ አስጠግተህ ዝቅ አድርገህ እሠር። የአህያ ጭነት ነው፣ ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ ያዘነብላል፤ ይህን እማዬ ከእኔ በላይ ታስረዳሃለች። ጉም ሲወርድ ከከባድ መኪና ኋላ አትጠጋ። ነዳጅ ሲጠፋ በየመንገዱ በሃይላንድ የሚሸጠውን አትግዛ፤ ላምባ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፣ ካርቡሬተሩን ያቆሽሸዋል።

ገበያው የት እንዳለ ደግሞ ልንገርህ። እኛ አገር የቤት ቁጥር ይዞ የሚፈለግ ሰው የለም፤ ፖስታውም ከድሮ ጀምሮ በሳጥን ቁጥር ነው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚልክ ሰው ለአውቶቡስ ረዳት ይሰጣል፣ ተቀባዩ መናኸሪያ ሄዶ ግማሽ ቀን ቆሞ ይጠብቃል። እሱን መቆም የምታስቀርለት አንተ ነህ። ስለዚህ ከረዳቶቹ ጋር ተዋወቅ፤ የሚመጣውን አውቶቡስ የሰሌዳ ቁጥርና የረዳቱን ስልክ አስቀድመህ ያዝ። ደብተርህ በካርቦን ይሁን፤ የላኪና የተቀባይ ስልክ፣ የዕቃው ዓይነት፣ ላኪው የተናገረው ዋጋ፣ ፊርማ፣ አንዱ ቅጂ ለላኪ። አድራሻ ሲነግሩህ «ከወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት በታች» ብቻ ብለህ አትጻፍ፣ ከወይዘሮ ስኂን በታች ስንት ሰው ይኖራል! የበሩን ቀለም፣ አጠገቡ ያለውን ሱቅ፣ ስልክ ባያነሳ የሚቀበለውን ጎረቤት ጠይቅ። ከመነሣትህ በፊት ደውል፤ ደርሰህ ደውለህ «ገበያ ነኝ» ቢሉህ ነዳጁ የአንተ ነው።

የታሸገ ነገር ሳታይ አትቀበል። በባቲ በኩል የሚመጣውን ኮንትሮባንድ አንተ ራስህ ኬላ ቆመህ ስትፈትሽ ኖረሃል፤ ኬላ ላይ መጀመሪያ የሚታሠረው ዕቃው የተገኘበት ሰው ነው፣ ላኪው ስልኩን ያጠፋል። ላኪው ፊትህ ይክፈት፣ ፊትህ ይሸግ። የቀድሞ ባልደረቦችህም ዘመድ ነው ብለው ሳይፈትሹ ያሳልፉህ ይሆናል፤ ይፈትሹህ። ሳይፈትሹ ማሳለፋቸው ከታወቀ ነገ አደራ የሚያመጣልህ ወዳጅ ሳይሆን ሌላ ነገር የሚያስጭንህ ነው።

ክፍያ በቴሌብር ሲሆን የደንበኛውን ስልክ አይተህ «ገብቷል» አትበል። የውሸት ስክሪንሾት የሚያሳይ አለ። የራስህን ሒሳብ ከፍተህ ገንዘቡን አይተህ ዕቃውን ስጥ። የሰው ገንዘብ ተቀብለህ የምታደርስ ከሆነ የእሱን ብርና የአንተን የመላኪያ ዋጋ በሁለት ኪስ ያዝ፣ ማታ ማታ አስረክብ፤ አይደር።

የእማዬን ነገር ጽፈህልኝ አልጨረስክም። ደሟ ከፍ አለ ትላለህ፣ ስንት እንደሆነ አልጻፍክም። ከመለካቷ በፊት አምስት ደቂቃ ያህል ቁጭ ትበል፣ ክንዷ በልቧ ትይዩ ይደገፍ፣ ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፈው። ሲሻላት መድኃኒቱን ታቋርጣለች፤ የተሻላት እኮ ስለወሰደችው ነው። ጨው ቀንሺ ስትሏት ወጥ አይጣፍጥም ትላለች፤ እኔ ነኝ ያልኩት በላት፣ ትቆጣኝ። ቁጣዋም ናፍቆኛል። እዚህ ሰው በሩን ሳይከፍት ዕቃ ይቀበላል፤ ቡና ድረስ የሚል ጠፋ። በረካውን ሳትጠጣ አትሄድም ብላ ደጃፍ የምትቆም እናት ያለው ሰው ይህን መልመድ ይከብደዋል። ይህን አንቀጽ ለእሷ አታንብብላት።

እታለም ሆዬ፣ ለአንቺም ቃል አለኝ። ዳግማይ ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ነው አሉኝ ሰርግሽ። አልመጣም፤ ወረቀቴ ገና ነው፣ ሌላ ነገር አታስቢ። ሙሽራው ማን እንደሆነ ወንድምሽ በሦስት መስመር ነው የጻፈው፤ እናቱ ምን ዓይነት ሰው ናቸው? አንቺ ከማን ጋር ልትኖሪ ነው? ደሴ ነው ሐይቅ? ለአጎቶቻችን ለሙስሊሞቹ ለብቻ የሚታረደውን እንዳትረሱ፤ እሱን ወንድምሽ ሳይሆን አጎታችን ራሳቸው ይምረጡት፣ ብሩን ከእኔ ውሰዱ። ጥሎሹን እንዳታበዙ። ይህን ስል እየተቆጣጠርኩ እንዳይመስልሽ፤ ሩቅ ያለ ሰው በብር ካልሆነ በምን ይገባል?

ለአንተ፣ በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ላክልኝ፤ የምትገዛውን ሞተር ሊብሬ ፎቶ፣ የእማዬን መድኃኒት ካርቶን ፎቶ ከነሚሊግራሙ፣ የሰርጉን ቁርጥ ቀን። የዝናብ ልብስና ጓንት ከዚህ ለሚመጣ ሰው እሰጣለሁ፤ የእጅህን ልክ ጻፍ።

ወንድምህ