የቅሬታ ደብዳቤ፦ ሐሙስ መጥቼ አየዋለሁ ስላሉት ወይራ

ቀን፦ ጥር 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከከተማ ስንወጣ ውኃ እንድታጠጡልን በአደራ ስለሰጠናችሁ የቦንሳይ ዛፎች (በሸክላ ውስጥ እየተከረከሙ ትንሽ ሆነው የሚያድጉ ዛፎች) እና ስለተነገረኝ ነገር ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፣

ሐሙስ ጥር 21 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት አራት ኪሎ ወዳለው የማኅበራችን ግቢ እንደሚመጡ የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሰኞ ዕለት በስልክ ስንነጋገር «እኔው መጥቼ አየዋለሁ፤ ባለሙያም ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያ እንዳትነኩት» አሉኝ። ስልኩን ሳልዘጋ ነው የጻፍኩት። እኔም ቃልዎን አምኜ በእናንተ እጅ ሳለ የደረቀውን ወይራዬን አልነካሁትም። የደረቀውን ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ላስቲክ አልብሼ እርጥበት ማቆየት ስችል፣ ኋላ «እናንተው ናችሁ ያበላሻችሁት» እንዳይባል ጥላ ሥር አስቀምጬ እርስዎን ጠበቅኩ።

ሐሙስ ከማኅበሩ አራት ሰዎች ሥራችንን ትተን ተቀመጥን። ቡና ተፈላ። 4 ሰዓት አለፈ፣ 5 ሆነ፣ 6 ሆነ። ስልክዎ ሁለት ጊዜ ጠርቶ አልተነሳም፤ ሦስተኛው ላይ ተዘጋ። 9 ሰዓት ላይ ጸሐፊዎ አንስታ «ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ዛሬ ውጭ የሚወጡበት ፕሮግራም የላቸውም» አለችኝ። አልቻልኩም የሚል አንድ አጭር መልእክት ቢልኩልን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

ዓርብ ዕለት ዛፉን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ፣ ኮንትራት ታክሲ ይዤ ቢሮአችሁ ድረስ አመጣሁት። መቀበያው ላይ የነበረው ወጣት ከስልኩ ቀና ሳይል «ምን ልርዳዎት?» አለኝ። ዛፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ የላይኛውን ቅርንጫፍ ልጣጭ በጥፍሬ ፋቅ አድርጌ አሳየሁት። ከልጣጩ ሥር አረንጓዴ ከታየ እንጨቱ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ አልቋል። ቡናማ ነበር። ወደ ታች እየወረድኩ ፋቅሁ፣ አሁንም ቡናማ። ከአፈሩ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ብቻ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ወጣች። «ይኸውልህ ልጄ፣ ይቺ ነች የቀረችው» አልኩት።

«ማዘር፣ በራሱ ጊዜ የደረቀ ነው እኮ» አለኝ። ቀጥሎ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አሥራ አራት አልኩት። ሳቀ። በእጁ ስንዝር ለክቶ ለጓደኛው እያሳየ፣ «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያላደገ ዛፍ ምን ዋጋ አለው? ከፈለጉ ከዚያ አንዱን ይምረጡ» አለና በጥቁር ፕላስቲክ የተደረደሩትን የወይራ ችግኞች በአገጩ ጠቆመኝ። ወረፋ የያዙ ሰዎች ሁሉ እየሰሙ ነው ይህን ያለኝ። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ትዝ አይለኝም፤ ዛፌን አቅፌ ወጣሁ።

የዛፍ እንክብካቤ እየሸጣችሁ ይህ እንዴት ይነገራል? ይህ ወይራ በየዓመቱ አድጓል። በየዓመቱ ቅርንጫፉን ከርክሜያለሁ፤ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ ከሸክላው አውጥቼ ከሥሩ ሲሦ ያህሉን ቆርጬ በአዲስ አፈር መልሼዋለሁ፤ ግንዱን በሽቦ አጣምሜያለሁ። ስንዝር ላይ የቆመው ስላላደገ አይደለም፤ የአንድ ሰው እጅ በየቀኑ ስለያዘው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ሂሮሺማ ላይ ከተጣለው አቶሚክ ቦምብ የተረፈ የጃፓን ነጭ ፓይን ቦንሳይ አለ፤ ከ1625 ጀምሮ ሲከረከምና ውኃ ሲጠጣ ኖሮ በ1976 ለአሜሪካ ሕዝብ በስጦታ ተሰጥቷል። እባክዎ ለዚያ ወጣት ይህን ይንገሩልኝ። የእኔን ወይራ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ካዛንቺስ ከአባቴ ግቢ፣ ከአጥሩ ሥር በቅሎ አግኝቼው ነው የነቀልኩት። ያ ግቢ ዛሬ ፈርሷል። ከዚያ ቤት የቀረኝ እሱ ነው። ከየትኛው ጥቁር ፕላስቲክ ነው የምመርጠው?

የውሉን ነገር እርስዎ ያውቁታል፤ ከታኅሣሥ 27 እስከ ጥር 13፣ ጠዋትና ማታ ውኃ። ገናንና ጥምቀትን ከዘመድ ጋር ልናሳልፍ ከከተማ ስንወጣ ያመንነው እናንተን ነው። ሸክላዎቹ ከአምስት ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ጥልቀት እንዳላቸው፣ አፈሩም ቀይ አሽ የበዛበት ስለሆነ ውኃ ቶሎ እንደሚያሳልፍ፣ በጥር ፀሐይና ነፋስ ሁለት ቀን ከተዘለለ ሥሩ እንደሚያልቅ ስናስረክብ አስረድተናል። ጥር 13 ስንረከብ ግን አፈሩ ከሸክላው ጠርዝ ተላቆ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሮ ነበር። ከቀጨኔ በልኩ ያሠራሁት ሸክላ፣ ሁልጊዜ በሁለት እጄ የማነሳው፣ ያን ቀን በአንድ እጄ ብድግ አለ።

ዝም ብለን ያለፍነውም አለ። በየሦስት ቀኑ በቴሌግራም ፎቶ እንልካለን ብላችሁ፣ ጥር 3 እና ጥር 6 የተላከው አንድ ፎቶ ነው፤ ያው ቢጫ ጀሪካን፣ ያው ጥላ። የሁለት ዛፎችን ሽቦ ሳትጠይቁን አወለቃችሁ፤ ያውም በመቁረጫ እየበጣጠሱ እንደማንሳት ጎትታችሁ ልጣጩን ገፈፋችሁት። የአንዲት አባላችንን ጽድ «አረንጓዴ ነው፣ አልሞተም» ብላችሁ መለሳችኋት። ጽድ ሥሩ ከሞተ በኋላም ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል፤ ችግኝ የሚሸጥ ድርጅት ይህን አላውቅም ሊል አይችልም።

ሰኞ ዕለት የጠየቅኩዎት መጥተው እንዲያዩና ይቅርታ እንዲሉ ብቻ ነበር። አሁን ግን ለ11 ዛፎች፣ ለ17 ቀናት፣ በቀን 30 ብር ሒሳብ አስቀድመን የከፈልነው 5,610 ብር በሙሉ እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። የውኃ ማጠጫ መዝገባችሁ ቅጂም ይሰጠን፤ ካልተመዘገበም አልተመዘገበም ተብሎ ማኅተም ባለው ወረቀት ይጻፍልን። ያ ወጣት የተናገረውን አባላቱ በተሰበሰቡበት፣ እርስዎ ባሉበት ያንሳ። የተጎዱትን ዛፎች ካሳ በተመለከተ ገለልተኛ ባለሙያ ይገምት፤ የባለሙያውን ወጪም ድርጅታችሁ ይሸፍን። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በአክብሮት እንዲስተናገድና እንዳይሰደብ መብት ሰጥቶታል። እስከ ሐሙስ ጥር 28 ቀን 4 ሰዓት መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ከፎቶዎቹ ጋር ለከተማው ንግድ ቢሮ አስገባለሁ።

የደረቁትን ቅርንጫፎች ቅዳሜ ቆርጫለሁ። ከእንግዲህ እንዳትነኩት የሚለውን ቃል አልጠብቅም። ዛሬ ጠዋትም ፋቅ አድርጌ አይቻለሁ፤ ከታች ያቺ አረንጓዴ መስመር አሁንም አለች።

ከሰላምታ ጋር
የማኅበሩ አባልና የወይራው ባለቤት

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ