ግልጽ ደብዳቤ፦ «ቀብጦ ነው» ተብሎ ስለሚታለፈው የአፍላ ወጣቶች ጉዳት

ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ
ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ጤና መምሪያ

የተከበራችሁ የመምሪያ ኃላፊዎች፣

ባለፈው ዓመት ከማስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ፣ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው መንገድ ከአይሱዙ ኋላ ተንጠልጥሎ ሲሄድ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ከጥቂት ቀናት በፊት በክፍል ውስጥ ስለ መንገድ ደኅንነት ስንነጋገር ከሁሉም የተሻለ መልስ የሰጠው ይኸው ልጅ ነበር። ሊጠይቁት የመጡት ሁሉ «ጎረምሳ አይደል፤ ቀብጦ ነው» አሉ፤ እኔም ብያለሁ። ሦስት ጓደኞቹ ቀድመው ተንጠልጥለው «ና እንጂ፣ ፈራህ እንዴ?» እያሉ ይጠሩት እንደነበር የሰማሁት ልጁ ክራንች ጥሎ መራመድ ከጀመረ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለምን እንደተንጠለጠለ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመንገድ ትራፊክ አደጋ ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ላይ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ነው። እኛ ለዚህ የምንሰጠው መልስ ምክር ብቻ ነው፤ ይሁንና ከ15 ወይም ከ16 ዓመት ጀምሮ ልጆች ረጋ ብለው ሲያስቡ አደጋን የመመዘን ችሎታቸው ከአዋቂው ብዙም እንደማያንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ክፍተቱ የሚታየው ስሜት ሲግልና ተመልካች ሲኖር ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርጎ ጋርድነርና ሎረንስ ስታይንበርግ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ላይ አፍላ ወጣቶች እኩዮቻቸው አጠገባቸው ሲሆኑ ለብቻቸው ከነበሩበት ጊዜ እጅግ የበለጠ አደጋ ሲደፍሩ፣ ከ24 ዓመት በላይ የሆኑት ግን ያን ያህል አልተለወጡም። ደስታንና አድናቆትን የሚሻው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ሲነቃ፣ ስሜትን የሚገታው የፊተኛው ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና በመብሰል ላይ ነው።

ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ አጥር ላይ ወጥቶ ሲያመነታ የቆየው ልጅ፣ ከታች «ዝለል!» የሚል ድምፅ ሲሰማ እንዴት እንደሚወረወር ሁላችንም አይተናል፤ በዘወትር ቀን ብቻውን ቢሆን ከዚያ ከፍታ መዝለሉን እጠራጠራለሁ።

ሁሉም ጉዳት ግን ከድፍረት አይመጣም። እንቅልፍ ያጣ፣ በሐዘን ወይም በጭንቀት ልቡ የተከፈለ ልጅ የሚመጣበትን ባጃጅ አያይም፤ ትኩረት መሰብሰብ የሚቸግራቸውና ችኩልነት የሚያጠቃቸው ልጆችም ከእኩዮቻቸው ይበልጥ ይጎዳሉ። በክልላችን በዘለቀው ግጭት የተኩስ ድምፅ እንቅልፍ የነሳቸው፣ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውና ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ተማሪዎች ክፍሎቻችን ውስጥ ተቀምጠዋል። አንድ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጎዳ እድለ ቢስ ከማለታችን በፊት ልቡ የት እንደዋለ ልንጠይቀው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዝምታው ነው። ቁጣና ዱላ የሚፈራ ልጅ ስብራቱን ይደብቃል፤ ሲብስበትም ወላጆቹ ወጌሻ ዘንድ ይወስዱታል፤ (የወጌሻን እጅ አልንቅም፣ እኔም ታሽቼ ድኛለሁ) ሆኖም እዚያ የታሸ እጅ በየትኛውም መዝገብ አይገባም። ትምህርት ቤትም ለተጎዳው ልጅ «ወላጅ አምጣ» ከማለት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ስለዚህ ጤና መምሪያው በሥሩ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለ ማንኛውም ልጅ በጉዳት ሲመጣ ሦስት ጥያቄዎች ተጠይቀው እንዲመዘገቡ ያደርግ ዘንድ እጠይቃለሁ፤ ከማን ጋር ነበርክ፣ ለስንት ሰዓት ያህል ተኛህ፣ ከዚህ በፊት መቼ ተጎዳህ። ይህ ከአንድ ተጨማሪ ገጽ በላይ ወጪ የለውም። ትምህርት መምሪያውም በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያዎችን በማሠልጠን ሥራ የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦናና በሥነ አእምሮ ባለሙያዎቹ አማካይነት ስም ጠሪ መምህራንን እንዲያሠለጥን ቢጠይቅ፣ በሚኒ ሚዲያና በክበባት የሚተላለፈው መልእክትም «ተጠንቀቁ» ከማለት ባለፈ ጓደኛ ሲገፋፋ እንዴት እምቢ እንደሚባል ተማሪዎቹ ራሳቸው በጭውውት የሚያሳዩበት ቢሆን መልካም ነው። ጉዳት የደረሰበት ተማሪ ደግሞ ወደ ትምህርት ገበታው ሲመለስ፣ ከቅጣት በፊት የሚያነጋግረው አንድ ሰው በየትምህርት ቤቱ እንዲመደብ እጠይቃለሁ። የእኔ ተማሪ አሁን አሥረኛ ክፍል ነው፤ እነዚያ ሦስት ጓደኞቹም እዚያው ክፍል አሉ፤ እስካሁን ያነጋገራቸው የለም።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር፣ ጎንደር