ሸንኮራው በማን ሂሳብ ነበር?

ሰላም ወንድሜ እንዴት ነህ? አራት አመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን ብቅ ስል ራሴም አፍሬያለሁ። እናትህን የቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቻቸው ነበር፣ ደህና ናቸው፣ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ያው እንደድሮው ናቸው፣ "ምነው ተጣላችሁ እንዴ?" ሲሉኝ ምን ልበላቸው። ማታውኑ እጽፍልሃለሁ ብዬ ገባሁ፣ ከዛ ይኸው ሶስት ሳምንት።

ነገሩን ልንገርህና ይውጣልኝ። ለባጃጇ የላክልኝ ብር ነው አፌን የዘጋው። ሞተሯ አመት ሳይሞላት ተበላ፣ አሰራኋት፣ ደግሞ ተበላ፣ መጨረሻ ላይ በማይረባ ዋጋ ሸጥኳት። ዛሬ ልንገረው ነገ ልንገረው ስል አንተም ደውለህ ደውለህ ተውከኝ። አሁን የሰው ሚኒባስ ነው የምይዘው፣ የቀን ገቢ እያስገባሁ። ብሩን አልረሳሁትም፣ ትንሽ ትንሽ እያጠራቀምኩ ነው።

ግን ዛሬ የምጽፍልህ ስለሱ አይደለም፣ ስለ ሸንኮራው ነው። ትዝ ይልሃል አይደል ልጅ ሆነን የድሮው ባቡር ጣቢያ ቆመን ከድሬዳዋ የሚመጣውን ስንጠብቅ? በሁለቱም መስኮት ጭንቅላት ይወጣ ነበር፣ አንተ በቀኝ ያለው ነው ሹፌሩ ትላለህ እኔ በግራ ያለው ነው እላለሁ፣ የተሸነፈ የወንጂ ሸንኮራ ይገዛል ተባብለን ማን እንደተሸነፈ ሳናውቅ ግማሽ ግማሽ አዋጥተን እንበላ ነበር ሃሃ።

ባለፈው ሰዎች ይዤ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ አዲሱ ጣቢያ ሄጄ ነበር፣ ያው በፈረንጆቹ 2018 ጃንዋሪ ላይ ሥራ የጀመረው የጅቡቲው መስመር። አንድ ህፃን እናቱን "ሹፌሩ የቱ ጋ ነው የሚቀመጠው?" ሲላት እሷ "ፊት ነዋ" ብላው ዝም። እኔን ግን ነገሩ አላስተኛኝም፣ ማታ ስልኬን ይዤ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ሳነብና ቪዲዮ ሳይ አደርኩ።

ለካ ሁለታችንም ልክ ነበርን፣ እንደ ሀገሩ ነው። አሜሪካ ሹፌሩ በቀኝ ነው፣ ጀርመንም ቀኝ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን ደግሞ ግራ። (አሜሪካኖቹ ሹፌሩን ኢንጂነር ነው የሚሉት፣ አባትህ ኢንጂነር ሁኑ እያሉ ሲገርፉን ለካ ይሄም ይቆጠር ነበር።)

አሁን እንደ ሹፌር ስማኝ። እኔ ሚኒባስ ላይ በግራ የምቀመጠው መንገዱን በቀኝ ስለምይዝ ነው፣ ወደ መሀል አስፋልት ካልተጠጋሁ ከፊት የሚመጣውን አይቼ መቅደም አልችልም። ባቡር ግን ማንን ይቀድማል? ሀዲዱ ላይ ነው። ስለዚህ መሀሉን ማየት አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ዳር ላይ የተተከለው እለፍ ወይ ቁም የሚለው መብራት ነው። እናም ጎን ለጎን ከተዘረጉት ሁለት ሀዲዶች ባቡሩ በቀኙ በሚሄድበት ሀገር መብራቱም ሹፌሩም ቀኝ፣ በግራ በሚሄድበት ግራ፣ ብዙውን ጊዜ እንደዛ ነው። ከመኪና ግልባጭ ማለት ነው! በእንፋሎት ዘመን ደግሞ ይሄ ቀልድ አልነበረም፣ ከፊትህ ውሃ የሚፈላበት ያን የሚያክል ቦይለር ተጋድሞ በአንድ መስኮት በኩል ብቻ ነው የምታየው።

እንግሊዞቹ ጋ ግን ግሬት ዌስተርን የሚባል ድርጅት ነበር፣ ባቡሩ በግራ እየሄደ ሹፌሩን በቀኝ የሚያስቀምጥ፣ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው የሰሩት፣ በፈረንጆቹ 1948 መንግስት ወረሳቸው። ከሰል የሚጨምረው ሰው በቀኝ እጁ የሚሰራ ከሆነ በግራ ቆሞ አካፋውን መወርወር ይቀለዋል ይባላል፣ እኔ እንጃ፣ የለመዱትን መተው አቅቷቸው ይመስለኛል።

ደግሞ ያንተዋ ስዊድን አለች። መኪናውን ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967 በአንድ ሌሊት ከግራ ወደ ቀኝ አዙረው ባቡሩን ግን በግራው ተዉት፣ እስከዛሬ። ስትሳፈር አይተህ ታውቃለህ? ፈረንሳይ ደግሞ ከዚህ ትብሳለች፣ ሀገሩ በሙሉ በግራ ሲሄድ አልሳስ በቀኝ ነው፣ ከ1871 እስከ 1918 ጀርመን ይዞት ስለነበረ። እና ባቡሩ እዛ ሲደርስ አንዱ ሀዲድ ባንዱ ላይ በድልድይ ተሻግሮ ቦታ ይቀያየራሉ። ጀርመን ከሄደ መቶ አመት አለፈው ሀዲዱ ግን ጀርመን ነው።

የጃፓኑን ሹፌር ቪዲዮ ለረዳቴ አሳየሁት፣ ነጭ ጓንት አድርጎ እያንዳንዱን መብራት በጣቱ እየጠቆመ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እንዳይሳሳት። ረዳቴ "አንተም እንደዚ ብታደርግ ትራፊክ አይቀጣህም ነበር" ብሎ ሳቀብኝ፣ ባለጌ።

ይበልጥ የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ድሮ አሜሪካ የግመል ጀርባ የሚሏቸው ባቡሮች ነበሩ። ርካሹን የከሰል ትራፊ ለማቃጠል ምድጃው በጣም ሰፊ መሆን ነበረበት፣ ምድጃው ሲሰፋ ከኋላ ሆኖ ወደ ፊት ማየት አስቸገረ፣ ስለዚህ የሹፌሩን ጋቢና አውጥተው ባቡሩ መሀል ላይ ቦይለሩን እንዲያቅፍ አድርገው ሰሩት፣ ከሰል የሚጨምረው ግን ኋላ ብቻውን ቀረ። በአንድ ባቡር እየሄዱ አይተያዩም፣ በዛ ጫጫታ መነጋገርም የለም። ሹፌሩ አንድ ነገር ቢሆን ያኛው በምን ያውቃል? ይቺን ሳነብ ማን ትዝ እንዳለኝ አልነግርህም።

አሁን አሁን ደግሞ ክርክሩም እያለቀ ነው። ቴጄቬ የሚባለው የፈረንሳይ ፈጣን ባቡር ሹፌሩን መሀል ነው የሚያስቀምጠው፣ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ ዳር የቆመ መብራት መቼ አይተህ መቼ ልታነብ፣ ስለዚህ ምልክቱ እዛው ፊቱ ስክሪን ላይ ይመጣለታል። መሀል መቀመጥ ማለት የገባህ ይመስለኛል፣ ፍራንኮ ሰፈር ስንት ባጃጅ አለ፣ ሁሉም ሹፌር መሀል ነው! እኔም ያቺ ጉደኛ እስክትሸጥ ድረስ እንደ ቴጄቬ ሹፌር ተቀምጬ ነበር ማለት ነው፣ ባንተ ብር።

እና ስዊድን ውስጥ ፊት ያለው ፉርጎ ላይ ከተሳፈርክ ሹፌሩን በየት በኩል እንዳገኘኸው ንገረኝ፣ ግራ ከሆነ ሸንኮራው በአንተ ነው፣ ቀኝ ከሆነ በኔ፣ የባጃጇ ብር ግን ለብቻው ነው አትቀላቅልብኝ። ስልኬ ያው ነው አልቀየርኩም፣ ከማታው ሶስት ሰዓት በኋላ ደውል፣ ከዛ በፊት መኪና ላይ ነኝ አላነሳም።