የ«አልፈልግም» ባዮች ዝርዝር የት ገባ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ የቢዝነስ ገጽ ላይ፣ ለደንበኞች በጅምላ ኢሜል የሚልክልንን ድርጅት መቀየር «የግማሽ ቀን ሥራ» ነው የሚል አነበብኩ። ጽሑፉ ደህና ነበር። ይቺ ቃል ግን ሳቅም ንዴትም አመጣችብኝ። እኔን ከኅዳር እስከ ሁዳዴ ፈጅቶብኛል።

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ስምንት ክፍል ያላት የእንግዳ ማረፊያ አለችኝ። አንዲት ጀልባም አለችን፤ እንግዳ ዘጌ አድርሳ ትመልሳለች። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ፣ የዘጌን ቡና ጠጥቶ የተመለሰ ሰው መዝገቤ ላይ ስሙንና ኢሜሉን ይጽፍልኛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከ2,000 በላይ ሰው ተጠራቀመ። ለገናና ለጥምቀት «ቤታችሁ አለ፣ ጣናም አለ» ብዬ እጽፍላቸዋለሁ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ መንገዱም ሰዉም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ለእኔ ከማስታወቂያም በላይ ነው፤ ዝምድና ማቆያ ነው።

የድሮው ድርጅት ክፍያው በዶላር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላ፣ ያው ዶላር በብር ሲመታ እጥፍ ሆነ። ከዓመት በላይ ቻልኩት፤ ከዚያ ርካሽ ፍለጋ ተነሳሁ።

የመጀመሪያው ጣጣ ዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጼና የኢሜሌ አድራሻ ስም፣ ነው። ድረ ገጹን የሠራልኝ ልጅ ዶሜኑን ያስመዘገበው በራሱ ስም ነበር። አሁን አዲስ አበባ ገብቷል፤ ስልኩ አይነሳም። አዲሱ ድርጅት ደግሞ «ዶሜኑ የአንቺ መሆኑን አሳዪኝ» ይላል። ሦስት ሳምንት በዚህ አለፈ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ «በማን ስም ነው?» ብዬ ጠይቄው ስለማላውቅ ነው።

ከዚያ የእህቴ ልጅ መጣና አስረዳኝ። ኤስፒኤፍ ማለት ዶሜኑ ላይ የሚለጠፍ፣ «በስሜ እንዲልኩ የፈቀድኩላቸው እነዚህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ነው። ዲኪም ደብዳቤው በእውነት ከእኔ መሆኑን የሚያሳይ ማኅተም ነው። ዲማርክ ደግሞ እነዚህ ካልገጠሙ ደብዳቤው ምን ይደረግ የሚል ትእዛዝ ነው። ቀበሌ ለተመላለሰ ሰው አዲስ ነገር የለውም። ጂሜይልና ያሁ ከጥር 2016 መጨረሻ ጀምሮ ሦስቱንም በጅምላ በሚልኩ ላይ ግዴታ አድርገዋል። አውትሉክም ከሚያዝያ 27 ቀን 2017 ጀምሮ ተከተለ፤ ለካ በአርበኞች ቀን ነው። ለጂሜይል ጅምላ ማለት በቀን 5,000 ገደማና ከዚያ በላይ ነው። እኔማ ከዚያ በታች ነኝ፣ ምን አገባኝ ብዬ ነበር። ለካ ጂሜይል ትንሹንም ላኪ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱን ይጠይቃል። አዲሱ ድርጅት ጭራሽ ሦስቱም ካልተሟሉ አልልክም አለ። እኔ ደግሞ የአዲሱን ኤስፒኤፍ ከድሮው ሥር ለጥፌው ኖሯል። የእህቴ ልጅ «ሁለት ከሆኑ ሁለቱም እንደሌሉ ነው» ብሎ በአንድ መስመር አዋሃደልኝ።

ይህ ሁሉ ግን ጨዋታ ነበር። ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ለሁሉም ላክሁ። በማግስቱ የእህቴ ልጅ ስክሪኑን አየና፣

«አክስቴ፣ ከድሮው ስታወጪ አልፈልግም ያሉትንም አወጣሽ?» አለኝ።

«የማይፈልገኝ ሰው ስም ምን ይሠራልኛል?»

ራሱን ያዘ። እኔ አዲሱን ዝርዝር የሠራሁት መዝገቡ ከተገለበጠበት አሮጌ ኤክሴል ነው። እዚያ ላይ ሁሉም አለ። ባለፉት ዓመታት «በቃኝ» ብለው የወጡ 143 ሰዎች «ቤታችሁ አለ» የሚል ደረሳቸው። ስፓም፣ ማለትም ያልተፈለገ ደብዳቤ፣ የሚለውን ተጫኑት፤ አልፈርድባቸውም።

ጂሜይል የስፓም ቅሬታ ከ0.1 በመቶ በታች ይሁን፣ 0.3 በመቶ ከቶ እንዳይደርስ ይላል። አስሉት። በ2,000 ደብዳቤ ላይ ስድስት ሰው ነው። ስድስት! ጀልባዬን እንኳ አይሞሉም። ከዚያ በኋላ የሚወዱኝ ሰዎች ጋ የላክሁትም ስፓም ውስጥ ይገባ ጀመር። ከኔዘርላንድ በየገናው እንኳን አደረሳችሁ የምንባባል ባልና ሚስት ደውለው «ዘንድሮ ረሳሽን» አሉኝ።

ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ ሊጠፋው አይገባም ነበር። ወደቡ ላይ «ጀልባ! ጀልባ!» እያለ፣ እምቢ ያለውን እንግዳ እስከ ሆቴሉ በር የሚከተል ልጅ አለ። ያ እንግዳ በማግስቱ ጀልባ ሲፈልግ እሱን አያናግርም፤ ከጎኑ የቆመውንም ጭምር ዘሎት ያልፋል። ያንን ልጅ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ። እኔ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ 143 ሰው ተከተልኩ።

ደግነቱ የድሮው አካውንት ሊዘጋ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። ዝርዝሩን አወጣነው፤ አዲሱ ላይ እንዳይላክላቸው አገድናቸው። መላክ አቆምኩ። ከዚያ በቅርብ ወራት ደብዳቤዬን ከፍተው ላነበቡት ብቻ፣ በቀን ለ50 ሰው፣ ቀስ በቀስ እየጨመርኩ እንደገና ጀመርኩ። ኔዘርላንዶቹ ጋ ኢንቦክስ የገባው ሁዳዴ ከተያዘ በኋላ ነው።

ጸሐፊያችሁ ግማሽ ቀን ያለው መስመሮቹን ለመለጠፍ ከሆነ ልክ ነው። ግን እባካችሁ አንድ ቀን ጨምሩበትና፣ የድሮው አካውንት ሳይዘጋ «አልፈልግም» ያሉትን አስቀድማችሁ አውጡ ብላችሁ ጻፉ። እኔ የራሴን በወረቀት አትሜ ከእንግዳ መዝገቡ ጋር አስቀምጫለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ተጨምሮ 144 ሆነዋል።

የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት
ከባሕር ዳር