የማሟሟቂያው ውርወራም ይቆጠር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል የግንቦት መጨረሻው ማጣሪያ ሲደርስ፣ ዓርብ ብዙ ኳስ የወረወረ ወርዋሪ (ኳሱን ለመቺው የሚወረውረው ልጅ) እሑድ ተመልሶ ሲገባ ይታያል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ የውርወራ ቁጥር ገደብ የለውም፤ ውሳኔው የአሠልጣኙ ነው። የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው የፕሮፌሽናል ሊግ) እና የብሔራዊው ፌዴሬሽን የዩኤስኤ ቤዝቦል መመሪያ የሆነው «ፒች ስማርት» ግን ከ19 እስከ 22 ዓመት ላሉት በቀን ከ120 አይለፍ ይላል፤ ከ81 እስከ 105 ለወረወረ የ4 ቀን ዕረፍት ያዛል። ዓርብ 95 የወረወረ እንግዲህ ከረቡዕ በፊት መግባት የለበትም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይቆጠረው ነው። ተጠባባቂ ወርዋሪ ማሟሟቂያው ላይ 25 ኳስ በሙሉ ኃይሉ ወርውሮ ጨዋታ ሳይገባ ቢቀር መዝገቡ ዜሮ ይላል፤ በማግስቱም እንዳረፈ ይታሰባል። የክንድ ጡንቻዎች ሲዝሉ ግን ጫናው በክርን ውስጠኛ ጎን ወዳለው ጅማት ይዞራል። እሱ ከተበጠሰ ብዙ ጊዜ «ቶሚ ጆን» የሚባለው ቀዶ ሕክምና ይከተላል፤ ለመመለስም ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል።

ልጁን «ደህና ነህ?» ማለት አይበቃም፤ መውጣት ስለማይፈልግ ደህና ነኝ ይላል። የውርወራው ፍጥነት ከወትሮው በሰዓት በ2 ወይም በ3 ማይል ሲወርድ፣ ኳሱ ወደ ላይ ማምለጥ ሲጀምር፣ ቁጥሩ ገና 60 ቢሆንም ይውጣ።

አንድ አንባቢ