ለልጄ፦ ትራኩ ላይ ከመውጣትሽ በፊት

የኔ እናት፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጣናም እንዳለ ነው። በቴሌግራም ድምፅ ልልክልሽ ጀምሬ ነበር፤ ወሬዬ ስለረዘመ አጥፍቼው መጻፍ ያዝኩ።

ከናይሮቢ እስከ ኬፕታውን፣ ሁለት ወር ገደማ፣ ከማታውቂያቸው ሃያ ምናምን ሰዎች ጋር፣ ድንኳን እየተከሉ እያደሩ አገር በሚያስጎበኝ አንድ ትልቅ መኪና፣ በትራክ። አባትሽ ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው «ሹፌሩ ማነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ ስለ ጎማ ጠየቀ። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ የነዳ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል! እኔን ግን የሚያሳስቡኝ አብረውሽ የሚሳፈሩት ሰዎች ናቸው።

እነዚህን ትራኮች አውቃቸዋለሁ። ሐይቁ ዳር ሆቴል ወጥ ቤት ስሠራ፣ ከካይሮ የተነሱት በሱዳን አድርገው በመተማ ይገቡና ጎንደርን አይተው እኛ ግቢ ድንኳን ይተክሉ ነበር። ከዚህ በደብረ ማርቆስ አድርገው፣ ዓባይ በረሃን ወርደው ወጥተው አዲስ አበባ፤ ከዚያ ሞያሌ። አሁን የሉም። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ጦርነት ከገባች ወዲህ በዚያ በኩል ነገሩ ቆመ። የእኛም መንገድ እንደምታውቂው ነው።

ማታ ደክሟቸው ሲደርሱ አቧራው ቅንድባቸው ላይ ተቀምጦ ነበር የሚወርዱት። የትራኩ ጎን ይከፈትና ወጥ ቤት ይሆናል፤ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ ምድጃ ይወጣል። ተረኞቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ሌላው ድንኳን ይተክላል። ከራት በኋላ ሦስት ሳፋ ይደረደራል፤ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ማለቅለቂያ፣ አንዱ መድኃኒት ያለበት ውሃ። የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ አይነኩም፤ ጀርም ይዞ ይዞራል ይላሉ። እናም ክብ ሠርተው ይቆሙና ሳህኑንም ሹካውንም እስኪደርቅ ድረስ በአየር ላይ ያራግባሉ። መጀመሪያ ያየን ቀን ዝንብ የሚያባርሩ መስሎን በሳቅ ሞትን። በኋላ ነው የገባኝ። አንዱ ሆዱን ከታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ ትራኩ ሙሉ ይታመማል። መንገድ ላይ ደግሞ ሽንት ቤት ማለት ቁጥቋጦ ነው፤ ወንዶች በዚህ፣ ሴቶች በዚያ።

የሰው ጠባይ የሚታየው እዚያ ሳፋው ጋ ነው። ዝም ብሎ የሚያራግብ አለ። ልክ ያኔ ስልኩ የሚጠራበትም አለ። ትራክ ላይ ጠብ የሚነሳው በትንሽ ነገር ነው፤ በመስኮት ወንበር፣ በስልክ ቻርጅ፣ ድንኳኑን ሳያጥፍ አርፍዶ ሁሉን በሚያስጠብቅ ሰው። አብረው ከአገራቸው የመጡ ፍቅረኛሞች እኛ ጋ ሲደርሱ ሁለት ድንኳን ሲተክሉ አይቻለሁ። ደግሞ ካይሮ ላይ ተገናኝተው፣ ከባልና ሚስት በላይ የሚሳሳቁ ሽማግሌዎችም አይቻለሁ።

ተራሽን ማንም ሳይጠራሽ ሥሪ። የሰው ተራ ግን አትሥሪ። አውቅሻለሁ፤ ዕቃ ታጥቦ ካላለቀ እንቅልፍ አይወስድሽም። በሁለተኛው ሳምንት «እሷ ታጥበዋለች» መባሉ አይቀርም። ተሳፋሪው አብዛኛው ፈረንጅ ነው የሚሆነው፣ ሹፌሩና ወጥ ሠሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ኬንያዊ ናቸው። ካምፕ ስትደርሱ ዘበኛው አንቺን ከሠራተኞቹ ቢቆጥርሽ አትገረሚ። ፈረንጆቹ ደግሞ ስለ አፍሪካ ሁሉ አስረጂን ይሉሻል። ማላዊን ከእነሱ እኩል ገና አሁን ልታዪ! አንቺም እንደነሱ ከፍለሽ ነው የሄድሽው፤ ፈገግ ብለሽ ይህንኑ ንገሪያቸው። ከሹፌሩ ጋር ግን ተጫወቺ። ስዋሂሊሽ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው።

አባትሽ ጎማ ጎማ የሚለው የድሮው የሞያሌ መንገድ በዓይኑ እየመጣ ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ኮሮኮንች፣ ባሌስትራ ሰባሪ፤ ሽፍታም ስለነበር በኮንቮይ ነበር የሚኬደው። አሁን አስፋልት ሆኗል። የአንቺም መንገድ አብዛኛው አስፋልት ነው፤ የሚያደክመው ርዝመቱ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ እስኪመሽ መቀመጥ አለ። በዝናብ የራሰ ድንኳን ጠዋት ጠቅልሎ ማታ እንደራሰ መትከልም አለ። ደረቅ ካልሲ ከታች አትቅበሪ።

የከፈልሽው ሁሉን የሚሸፍን እንዳይመስልሽ። ታንዛኒያ ውስጥ አራዊት የሚታይባቸው ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከትራኩ ወርዶ በላንድክሩዘር ነው የሚገባው፤ ዋጋውም ለብቻ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመሽ ጠይቂ። ቪክቶሪያ ፏፏቴ ላይ ደግሞ ከድልድይ በገመድ መዝለሉ፣ በሄሊኮፕተር መዞሩ ኪስ ያራግፋል። እሱ ይቅርብሽ፣ በእግርሽ እይው። ቦትስዋና ያለው ረግረግ፣ ኦካቫንጎ ላይ ግን አትሰስቺ። ሞኮሮ በምትባል ጠባብ ታንኳ፣ ባለታንኳው ቆሞ በረጅም እንጨት እየገፋ በሸምበቆው መሀል ይወስድሻል። ጣና ዳር ነው ያደግሁት ብለሽ እንጨቱን ልያዘው እንዳትይ።

ማላዊ ሐይቅ ሲደርሱ ሁሉም ዘሎ ይገባል። ቢልሃርዚያ አለበት። ለጣና ልጅ ይህ አይነገርም፤ ከገባሽ ግን ስትመለሺ ተመርመሪ፣ መድኃኒት አለው።

ወረቀትሽን ነገ ዛሬ አትበይ። ሌሎቹ ኬላ ላይ ማህተም አስመትተው ቢያልፉ፣ በእኛ ፓስፖርት እንደዚያ አይሆንም። ደቡብ አፍሪካ ቪዛ ትጠይቀናለች፤ የሌሎቹንም አገሮች ናይሮቢ ሳለሽ አጣሪ። ትራክ ለአንድ ሰው ቪዛ ብሎ አይቆምም። ቢጫ ካርድሽንም ያዢ። የቢጫ ወባ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ስለሆነ፣ ጊዜው አልፏል ብሎ እንደገና ሊወጋሽ የሚፈልግ ቢመጣ እንዳትሸወጂ።

ትዝ ይልሽ እንደሆን፣ ትንሽ ሳለሽ የሆቴሉ በር ላይ ቆመሽ «ዩ! ዩ! ፔን!» ትዪ ነበር፤ እኔም ከወጥ ቤት ወጥቼ በጆሮሽ ይዤ አስገባሽ ነበር። ድንጋይ የሚወረውሩም ልጆች ነበሩ። አሁን አንቺ ነሽ መስኮቱ ላይ። ገበያ የመውጣት ተራ ሲደርስሽ ለሌላ አትስጪ። ከዚያ ሁሉ ትራክ እስከዛሬ የማስታውሳት፣ ቲማቲም ልትገዛ አብራኝ ገበያ ወርዳ ስትከራከር ያመሸችውን ነው።

ረቡዕና ዓርብ እንደምትጾሚ ለወጥ ሠሪው መጀመሪያውኑ ንገሪው። አትክልት ብቻ የሚበሉ አይጠፉም፤ ግን ቅቤና እንቁላል ሊገባበት ስለሚችል ጠይቂ። የአንቺ ተራ ሲሆን ሽሮ ሥሪላቸው። ቋንጣ አልላክሁም፤ ቦትስዋና ኬላ ላይ የሥጋ ነገር ይወስዳሉ፣ ጫማ ሳይቀር መድኃኒት ላይ ያስረግጣሉ አሉ፣ ለከብት በሽታ።

ሽሮውና በርበሬው ዓርብ ወደ ናይሮቢ በሚበር ሰው ይመጣልሽ። ሚጥሚጣው ለብቻው ታስሯል፤ ማን እንደሚችለው ሳታውቂ አትፍቺው። ስንት ትርፍ ጎማ እንደሚይዙ ደግሞ ጠይቀሽ ለአባትሽ ጻፊለት፤ እኔን አላስቀምጥ ብሎኛል።

እናትሽ፣ ከባሕር ዳር