አካዳሚያ መጀመሪያ የሕዝብ መናፈሻ ነበር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በጋዜጣችሁ «የአካዳሚያው ዓለም»፣ «የአካዳሚያ ሰዎች» የሚሉ አገላለጾችን በየጊዜው አነባለሁ፤ ዩኒቨርሲቲዎችንና ተመራማሪዎቻቸውን ለማለት ነው። ብዙ ጊዜ «ይሄ የእነሱ ጉዳይ ነው» በሚል መንፈስ ነው የሚጻፉት። በዚህ አልስማማም፤ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

አካዳሚያ መጀመሪያ የቦታ ስም ነው። ከአቴንስ ቅጥር ውጪ ያለ ቦታ ሲሆን ስሙን ያገኘው አካዴሞስ ከተባለ የአፈ ታሪክ ጀግና ነው። የወይራ ዛፎች ነበሩበት። ኪሞን የተባለው የጦር መሪ ውሃ አስገባበት፣ መሮጫና ጥላ ያለው መንገድ አሠራበት፣ የከተማው ሰውም እየመጣ ሰውነቱን ያፍታታበት፣ ይንሸራሸርበት፣ ይጨዋወትበት ነበር። ፈላስፋው ፕሌቶ፣ የጥንት ሊቃውንታችን አፍላጦን የሚሉት፣ እዚያ ማስተማር የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ387 ገደማ ነው። ክፍያ አይጠይቅም ነበር። አሪስቶትል በ17 ዓመቱ መጥቶ 20 ዓመት ያህል ቆይቷል። በ86 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሮማው የጦር መሪ ሱላ አቴንስን ሲከብ ዛፎቹን ለጦር መሣሪያ አስቆረጣቸው። ያሳዝናል።

እኛ ጋ «አካዳሚ» ሲባል የሰፈሩ የግል ትምህርት ቤት ነው ትዝ የሚለን። «አካዳሚያ» ሲባል ደግሞ ስድስት ኪሎ፣ ወይም እዚህ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ። እዚያ ተማሪው ስንት ለፍቶ የሠራውን የማስተርስ ጥናት በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በፈታኞች ፊት ዲፌንስ ያደርጋል፣ ጥናቱ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፣ በቃ። ስለ ጣና እምቦጭ የተጠናውን ጀልባው በአረሙ የተያዘበት ዓሣ አጥማጅ በምን በኩል ያንብበው? ጥናቱ የተሠራው በእሱ ሐይቅ ላይ ነው እኮ!

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ግልጽ ነው። በሳምንት አንድ ገጽ ለተመራማሪዎች ስጡ። ጥናታቸውን ማንም በሚገባው አማርኛ ይጻፉ፣ ቁጥሩንም ሳይደብቁ። አማርኛው ከብዷቸው እንደሆነ የእናንተ አርታኢዎች ያግዟቸው። አንባቢ ጥያቄ ይላክ፣ እነሱም በሚቀጥለው እትም ይመልሱ። የእኔን ጥያቄ ከአሁኑ መዝግቡልኝ፦ እምቦጭን በእጅ ከማረም ሌላ ጣና ላይ ምን ተሞከረ፣ የቱስ ሠራ?

አክባሪያችሁ፣
አንባቢ ከባሕር ዳር